መለኪያው 1 ቢያሳይም

በአንድ ወቅት በየጣሪያው ላይ ለቴሌቪዥን ይተከል የነበረው ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና ያጊ-ኡዳ ይባላል፤ ጃፓናውያኑ ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያበረከቱት ነው። ከዘንጎቹ ኬብል የሚገጠመው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ይህ ዘንግ ብቻውን ቢቆም ኢምፔዳንሱ (ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) 73 ኦም ገደማ ይሆን ነበር። አጠገቡ ያሉት ዘንጎች ግን ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰበስቡ ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ 25 ኦም አካባቢ ያወርዱታል። ኮአክሲያል ኬብሉ ደግሞ በአብዛኛው ባለ 50 ወይም ባለ 75 ኦም ነው። ባለ 25 ኦም አንቴና ከባለ 50 ኦም ኬብል ጋር በቀጥታ ቢገናኝ፣ አንቴናው ዘንድ ከደረሰው ኃይል አንድ ዘጠነኛው ወደ መጣበት ይመለሳል።

ማጣጣም ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ይህን ነጸብራቅ ማስቀረት ብቻ ነው፤ የቋሚ ሞገድ መለኪያው ወደ 1 ከተጠጋ ሥራው እንዳለቀ ይቆጥሩታል። በእኔ ግምገማ ግን መለኪያው ለብቻው ደካማ ዳኛ ነው። ከታች ካለው አስተላላፊ ሬዲዮ ከገባበት ኃይል አንድ አሥረኛውን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ አንቴናው የሚያደርስ ረጅምና ቀጭን ኬብል እንውሰድ። አንቴናው ተቆርጦ ቢወድቅና ኃይሉ በሙሉ ቢመለስ እንኳ፣ በመልስ ጉዞው ያው ኬብል እንደገና ስለሚበላው፣ ሬዲዮው ዘንድ የሚደርሰው አንድ መቶኛው ነው። መለኪያውም 1.2 ገደማ ያሳያል፤ አንቴና የለም፣ ቁጥሩ ግን ያማረ ነው!

«የተመለሰው ኃይል መች ጠፋ? ሬዲዮው አጠገብ ማስተካከያ ሣጥን ቢገጠም መልሶ ይልከው የለም?» የሚል ሙግት ይነሳል። ብክነቱ አነስተኛ በሆነ አጭር ኬብል፣ በተለይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ሙግቱ ትክክል ነው። በከፍተኛ ድግግሞሽ ግን ኃይሉ በተመላለሰ ቁጥር ኬብሉ ድርሻውን በሙቀት መልክ ያስቀራል። ስለዚህ ማጣጣሚያው የሚገባው ከላይ፣ አንቴናው ላይ ነው።

ሌላው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ጉዳይ ሚዛን ነው። የአንቴናው ዘንግ ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ የኬብሉ መሐል ሽቦና ሽፋን ግን እኩል አይደሉም። ሁለቱ በቀጥታ ሲያያዙ የጅረቱ ከፊል በሽፋኑ ውጫዊ ገጽ ወደ ታች ይወርድና ኬብሉ ራሱ አንቴና ይሆናል፤ ከቤት ዕቃዎች የሚወጣውን ጫጫታ ይለቅማል፣ ለአቅጣጫ ሲባል የተደከመበትንም ያበላሻል። አንዱ ጥሩ መላ በታጠፈ ዘንግ 200 ኦም ላይ የተነደፈ አንቴና ሠርቶ የግማሽ ሞገድ ርዝመት ያለው የኬብል ቀለበት መግጠም ነው። ቀለበቱ ኢምፔዳንሱን በአራት አካፍሎ 50 ያደርገዋል፤ ሚዛኑንም አብሮ ይጠብቃል። ሞገድ በብርሃን ፍጥነት 66 በመቶ በሚጓዝበት ኬብል፣ ለ100 ሜጋኸርዝ የሚያስፈልገው ቀለበት 1 ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ስትለኩ አንቴናው ሥር ለኩ። ኬብሉን በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱት ቁጥሩ የሚዋልል ከሆነ፣ 1 ቢያሳይም አትመኑት።