ጨዋታው ያለው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው

ሁለቱም ብራዚላዊ ናቸው። ሁለቱም የዓለም ዋንጫ አንስተዋል። ሁለቱም ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ።

አንደኛው ሮናልዶ ነው። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 12 ቀን 2000 ሮም ላይ ኢንተር ሚላን ከላዚዮ ባደረጉት የኮፓ ኢታሊያ ፍጻሜ፣ ከወራት ጉዳት በኋላ ተቀይሮ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማንም ሳይነካው ቀኝ ጉልበቱን ይዞ መውደቁ ይታወሳል። የጉልበቱን ሎሚ የሚይዘው ጅማት ተበጥሶ ነበር። ብዙዎች “በቃ፣ አለቀለት” አሉ። እሱ ግን ፓሪስ ላይ ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ “ፊሌ” እየተባለ ከሚጠራው ፊዚዮቴራፒስት ኒልተን ፔትሮኔ ጋር ለወራት ሲያጥፍ ሲዘረጋ፣ ሲያለቅስ ሲሰራ ከረመ። በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አገባ። ሁለቱን በፍጻሜው ጀርመን ላይ ነው ያስቆጠራቸው።

ሁለተኛው ንጉሡ ፔሌ ነው። በ2012 የዳሌ መገጣጠሚያው በሰው ሰራሽ ተቀየረለት። በ2017 መጨረሻ ሞስኮ ላይ የዓለም ዋንጫ ዕጣ ሲወጣ ግን ያየነው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። በ2020 ልጁ ኤዲኒሆ ለብራዚል ጋዜጠኞች ሲናገር፣ አባቱ ከቀዶ ህክምናው በኋላ ተገቢውን የማገገሚያ ህክምና እንዳላገኘና እንደልቡ መራመድ ባለመቻሉ ከቤት መውጣት እንዳሳፈረው ገልጾ ነበር። ፔሌ ራሱ በበኩሉ ጥሩም መጥፎም ቀን እንዳለው፣ ለእድሜው የተለመደ መሆኑን ተናግሯል። በዲሴምበር 2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የአንዱ ጅማት ነው፣ የሌላው ዳሌ። የዛሬው ጉዳያችን ደግሞ ጉልበትን ስለማስቀየር ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ሀኪሙ መገጣጠሚያውን ይሰራዋል፣ የሚያስኬደው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ስራ ነው።

ጉልበት ማስቀየር ለኳስ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1977 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለሊቨርፑል በግንባሩ ያገባው ቶሚ ስሚዝ ጫማ ከሰቀለ በኋላ ጉልበቶቹን ማስቀየር ግድ ሆኖበታል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ሀኪሙ ታዲያ የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ በብረት ይሸፍነዋል፣ መሀሉ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። በ2019 ላንሴት በተባለው የህክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82ቱ ያህል 25 ዓመት ይቆያሉ።

ልምምዱ የሚጀምረው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ታካሚው በድጋፍ ይቆማል፣ ጥቂት እርምጃም ይራመዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ግብ አለ፦ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋትና ቢያንስ እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ። ለመራመድ 70 ዲግሪ ያህል ይበቃል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ 90 አካባቢ፣ ከዝቅተኛ በርጩማ ለመነሳት ደግሞ ከ100 በላይ ያስፈልጋል።

ስራው ሲታይ ቀላል ነው። በጀርባ ተኝቶ የጭንን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ማጥበቅና መልቀቅ፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ እየሳቡ ማጠፍ፣ ተረከዝ ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ ጉልበትን ወደ ታች መጫን ነው። ግን ያማል። ለዚህም ነው ሀኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ ከልምምዱ ቀደም ብሎ የሚወሰደው፤ ከልምምዱ በኋላ ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ይያዛል።

ችግሩ የሚመጣው ከእኛ ደግነት ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ “አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ፣ ተኛ” ይላል። አንዷ አጥሚት ታቀርባለች፣ ሌላዋ ጉልበቱ ስር ትራስ ትከታለች። በሽተኛውም ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ጉልበት ጎበጥ ሲል ህመሙ ይቀንሳል። ግን እንዲህ ሆኖ የከረመ ጉልበት አልዘረጋም ይላል። ውስጡ ጠባሳ ይሰራና ይደርቃል። አንዳንዱ እንደገና ማደንዘዣ ተሰጥቶት በሀኪም እጅ እስከመታጠፍ ይደርሳል። ትራስ ካስፈለገ ቦታው ተረከዝ ስር ነው።

ሌላም አለ። በየሜዳው ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ ወጌሻ እያልን ስለምንጠራ ፊዚዮቴራፒ ማለት ማሸት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አዲስ ጉልበት ያለው ሰው ለሰፈር ወጌሻ እግሩን አሳልፎ መስጠት የለበትም። ባቱ ካበጠና ከታመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ቁስሉ መግል ካመጣ ወይም ትኩሳት ካለ ነገ አይባልም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ብዙዎች በ6 ሳምንት ገደማ በአንድ ከዘራ ወይም ያለ ከዘራ ይሄዳሉ። በ3 ወር ወደ ዕለት ኑሯቸው ይመለሳሉ፤ ሙሉው ማገገም ግን እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። መንበርከክ ለብዙዎች ምቾት ስለማይሰጥ ስግደት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ባለሙያውን ይጠይቅ። ኳስስ? ሩጫና ግጭት ያለበት ጨዋታ አይመከርም። ሆኖም በ2011 እንግሊዝ ቼስተርፊልድ ውስጥ መሮጥ የተከለከለበት፣ እየተራመዱ የሚጫወቱት ኳስ ተጀምሯል፤ ሀኪማቸው የፈቀደላቸው የድሮ ሰዎች ይጫወቱታል።

ፊዚዮቴራፒስት በየቀኑ ማግኘት ለሁሉም አይሞላም። ትልቁ ስራ ግን ባለሙያው ያሳየውን ቤት ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ጉልበታቸውን ያስቀየሩ አባት ወይም አጎት ካሉ፣ ማታ አብራችሁ ኳስ ስታዩ አንድ ነገር አድርጉላቸው። ትራሱን ከጉልበታቸው ስር አውጡ። የእረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ “አባዬ፣ በሉ እንስራ” በሏቸው። ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፣ ለአንድ ዙር ልምምድ ይበቃል። ቢቆጧችሁም አትተዋቸው፤ ሮናልዶም ፊሌን ሳይቆጣው አልቀረም።