«ምንም አልል» ለማስታገሻ ሐኪም መልስ አይሆንም

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ይቀመጥና በዕብራይስጥ «ሕመምህ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዛውንቱ የልጅ ልጃቸውን ያያሉ። እሷ ተርጉማ ስትነግራቸው «ምንም አልል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ልጅቷ «ዜሮ» ትላለች፤ ሐኪሙም ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ሌሊቱን ግን ሰውየው የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ያድራሉ።

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። አዛውንቱ በአባቶቻቸው ወግ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፣ ልጅቷ የሰማችውን ተረጎመች፣ ሐኪሙም የተነገረውን መዘገበ። መድኃኒቱ ግን አልታዘዘም።

በረሖቮት፣ በተለይ በቅርያት ሞሼ ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ አረጋውያን ይኖራሉ። አንዳንዶቹ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በእግር የተጓዙ ናቸው፤ ሌሎቹ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ካምፖች ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖች አልቀዋል። እናቱን በዱላ ጫፍ በተቆፈረ ጉድጓድ ቀብሮ የመጣ ሰው ዛሬ ስለ ወገቡ ሕመም ማውራት ቢያሳፍረው አያስደንቅም። ሆኖም ዛሬ በዚህች ከተማ ሕመምን ማስታገስ ሙያው የሆነ ሐኪም አለ፤ ሥራውን የሚሠራውም በሽተኛው በሚነግረው ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህ ሐኪም ማን ነው? ሙያው በዕብራይስጥ «ርፉአ ፓልያቲቪት» ይባላል፤ በአማርኛ የማስታገሻ ሕክምና እንለዋለን። ለእኛ ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ቃል አለ፦ ማስታመም። አገር ቤት ሰው ሲታመም አስታማሚ ከጎኑ አይጠፋም ነበር፤ ውሃ የሚያቀርብ፣ የሚያገላብጥ፣ ሌሊት የሚያወጋ። ይህ ሐኪም ያንኑ ማስታመም በመድኃኒትና በሙያ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ሲስሊ ሶንደርስ የተባለች ሴት መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች። በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ሊድን የማይችለውን በሽተኛ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ብለው ያልፉት ነበር። እሷ ግን ሰው የሚታመመው በሥጋው ብቻ እንዳልሆነ፣ ሐሳቡም፣ ስለ ቤተሰቡ ያለው ጭንቀትም፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ነገርም አብሮ እንደሚያመው አስተማረች። በእስራኤል የመጀመሪያው ሆስፒስ በ1983 በቴል ሃሾሜር ተከፈተ። አዲስ አበባም ወደኋላ አልቀረችም፤ ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን አቋቁመው በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄዱ ማስታመም ጀመሩ።

እዚህ አገር የጤና ሚኒስቴር በ2009 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ይህን አገልግሎት እንዲያደራጁ ታዘዋል። ስለዚህ «ሮፌ ባኪር»፣ ማለትም ከፍተኛ ሐኪም፣ የሆነ የማስታገሻ ባለሙያ በሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወረ ሊያገኝዎት ይችላል፤ ወይም ከነርስና ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ቤትዎ ይመጣል። የኋለኛው «ሆስፒስ ባይት» ይባላል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ይወስናል፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ ያነጋግራል፣ ከቤተሰብ ሐኪሙና ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ይመካከራል፣ ወጣት ሐኪሞችን ያስተምራል። ሆስፒስ ከተባለ «ሞቱን ሊነግሩን መጡ» ብሎ መደንገጥ በማኅበረሰባችን የተለመደ ነው። ይሁንና የማስታገሻ ሕክምና ከኬሞቴራፒ ጋር፣ ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። ሐኪሙ ዘግይቶ ሲጠራ ግን ብዙ ሊረዳ አይችልም፤ ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ከዜሮ እስከ አሥር የሚባለው ለኛ ሰው አይመችም። ሕመም እንደ ጤፍ በቁና አይሰፈር! ቁጥሩ ካስቸገረዎት በኑሮ ይንገሩት፦ ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ቆመው መጸለይ ቻሉ? ጫማዎን ራስዎ አሰሩ? ለሐኪሙ እነዚህ ከቁጥር ይበልጣሉ። «ልቤን አቃጠለኝ» ካሉ ደግሞ በእጅዎ ያሳዩ። በአማርኛ ጨጓራም «ልብ» ይባላል፤ ቃል በቃል ከተተረጎመ ለልብ ምርመራ ሊልኩዎት ይችላሉ። ሐኪሙ «አንተ» ወይም «አንቺ» ቢልዎትም አይቀየሙ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም «አንተ» ነው የሚሉት።

ሞርፊን ሲነሳ ቤቱ ይረበሻል። ልጆች «ሳሚም ነው» ይላሉ፣ አረጋውያን «የመጨረሻው መርፌ» ብለው ይፈሩታል። ሞርፊን ለከባድ ሕመም በዓለም ሁሉ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በሚዋጥ፣ በፈሳሽ፣ በመርፌ ይገኛል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከዚያው ወገን የሆነ ሌላ መድኃኒትም አለ። በሐኪም መጠን ተለክቶ ለሕመም ሲሰጥ ሰውን አይገድልም። በጥቂት መጠን ይጀመራል፣ እየታየ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ይለፋል። የሆድ ድርቀት ግን አይለፍም፤ ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ካልታዘዘ ይጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ በየሰዓቱ ውሰዱ የተባለውን «ሲብስብኝ እወስዳለሁ» ብሎ ማቆየት ሕመሙ እንዲገነፍል ይጋብዛል። ሕመምን ከገነፈለ በኋላ ለመመለስ የሚበዛ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ከሞርፊን ይልቅ ቤተሰብን የሚያጣላው ግን ምግብ ነው። እኛ ዘንድ ፍቅር በጉርሻ ይገለጣል። እናት አልበላም ስትል ልጅ ይደነግጣል፣ እህት ገንፎ ይዛ ትመጣለች፣ ጎረቤት ሾርባ ይዛ ትገባለች፣ ሁሉም «አንዴ ብቻ፣ ስለ እኔ ብለሽ» ይላል። ሐኪሙ «አታስገድዷት» ሲል ደግሞ «በረሃብ ሊገድላት ነው» ተብሎ ይታማል። ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሰውነቱ ምግብን መጠቀም ያቆማል፣ ረሃቡም ይጠፋል። መዋጥ ያቃተውን ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባ ሊያስገባና ሊያንቀው ይችላል። በሽተኛዋ የምትሞተው ስላልበላች አይደለም፤ መብላት ያቆመችው በሽታው ስለገፋ ነው። ያን ጊዜ የሚጠቅመው ከንፈሯን በውሃ ማራስ፣ አፏን ማጽዳት፣ የምትወደው ነገር ካለ በማንኪያ ጫፍ ማቅመስ ነው። ቡና ማቅመስ የማትችል ከሆነ እንኳ አጠገቧ ቢፈላ ሽታው ይደርሳታል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው። አገር ቤት ክፉ ወሬ እንዲሁ አይወረወርም። መርዶ ሲሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ነው የሚነገረው። እዚህ ግን ሐኪሙ ለበሽተኛው ፊት ለፊት «ካንሰር ነው» ይላል። ጭካኔ ይመስላል። ሐኪሙ ግን ሕግ አለበት፦ በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ሰው ስለ ራሱ ሕመም እንዲያውቅ ያዛል፤ ሐኪም መረጃ መደበቅ የሚችለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ «ቢነገረው ይጎዳል» ብሎ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ልጆች በኮሪደር «ለአባታችን አትንገር» ብለው ቢለምኑት በዚያ ብቻ እሺ ሊል አይችልም።

መውጫ ግን አለ፤ እሱም በበሽተኛው እጅ ነው። «እኔ ዝርዝሩን ማወቅ አልፈልግም፣ ለታላቅ ልጄ ንገረው» ማለት ይችላሉ። «ሁሉንም ንገረኝ፣ ግን ልጆቼ ባሉበት» ማለትም ይችላሉ። ቄስ ወይም ሽማግሌ እንዲገኝ መጠየቅም ይቻላል። ጥሩ ሐኪም ምርመራው ሳይጠናቀቅ «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ማን ይሰማ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩት። መርዶ ነጋሪነትን ደግሞ ለአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጅ አትተዉ። ያቺ ልጅ የአያቷን ሞት በአፏ ማውጣት ከብዷት «ደህና ትሆኛለህ እያሉ ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል? አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። «ጠነ ብሪኡት» የተባለው ድርጅት በስልክ በአማርኛ ለሕክምና የሚያስተረጉሙ ሰዎች አሉት፤ የጤና ሚኒስቴርም በ*5400 ጥያቄዎችን ይቀበላል።

ሌላው ሕግ በ2005 የወጣው ስለሚሞት በሽተኛ የሚናገረው ነው። ከስድስት ወር በላይ ለመኖር ተስፋ የሌለውን በሽተኛ ይመለከታል። ሐኪም ሆን ብሎ ሰውን መግደል ወይም ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት በፍጹም ክልክል ነው፤ ይህን ለሚፈሩ አረጋውያን ደግመን እንላለን፣ ክልክል ነው። ሕመሙን ለማስታገስ ግን የሚችለውን ሁሉ እንዲያደርግ ይገደዳል። ሕጉ አንድ ልዩ መለያ አለው። እንደ መተንፈሻ መሣሪያ ያለውን ያለማቋረጥ የሚሠራ ሕክምና አለመጀመር ይቻላል፣ ከተጀመረ በኋላ ግን መንቀል አይፈቀድም። እንደ ኩላሊት እጥበት በየተራ የሚሰጠውን ደግሞ በሽተኛው ሌላ ተራ አልፈልግም ሊል ይችላል። ስለዚህ «መሣሪያ ይግባልኝ ወይስ አይግባልኝ» የሚለው ትንፋሽ ሳያጥር በፊት የሚነገር ነገር ነው። ማንኛውም 17 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃዱን በቅጽ ጽፎ፣ ሐኪም ወይም ነርስ አስረድቶት፣ በሁለት ምስክር ፊት ሊፈርም፣ ወይም በእሱ ፈንታ የሚወስን ሰው ሊሾም ይችላል። ምንም ያልጻፈ ሰው በሕጉ ዘንድ መኖር እንደሚፈልግ ይቆጠራል።

ብዙዎች በቤታቸው ማረፍ ይመርጣሉ። በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይነጻ ነበር። ይህን ዛሬም የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለ ለሆስፒሱ ነርስ አስቀድሞ ይንገራት፤ አልጋው በየትኛው ክፍል እንደሚሆንና ማን እንደሚያነሳ አብራ ታስባለች። ቤቱ የማይበቃ ወይም አስታማሚው የደከመ ከሆነ ወደ ሆስፒስ ተቋም መግባት አለ። ከመግባትዎ በፊት ስለ ክፍያው ዋስትና፣ «ቶፌስ 17» ስለሚባለው፣ ከኩፓው ጋር ይነጋገሩ።

የሆስፒሱ ሰዎች ቤት ሲመጡ በሌሊትም የሚደወልበት ቁጥር ይተዋሉ። ያ ቁጥር በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ። በመጨረሻው ሰዓት ደንግጦ 101 የደወለ ቤተሰብ ሰላማዊ ሞት ይፈልግ የነበረው አባት ደረቱ ሲታሸት ሊያይ ይችላል፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚመጡት ለማትረፍ ነውና። የሆስፒሱ ሐኪም የሰጠው ደብዳቤና የተፈረመው ቅጽ ቅጂም ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይቀመጥ። የት እንዳለ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ፣ ሌሊት የሚያስታምመው ሰው በተለይ።