ኢኮኖሚ ማፕ፦ ተረቱና እውነታው

የመኪና ኮምፒውተር ማፕ የሚባለው የቁጥር ሠንጠረዦች ስብስብ ነው። ሞተሩ በየሁኔታው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭለት፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ፣ ቱርቦ ካለውም ምን ያህል አየር እንደሚገፋ የሚወሰነው በእነዚህ ሠንጠረዦች ነው። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙርና የተጫነበትን ሸክም አይቶ ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ቁጥሩን ያነባል፣ ያዛል። አንዳንድ መኪኖች «ኢኮ» እና «ስፖርት» ወይም «ፓወር» የሚል መቀየሪያ ይዘው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ላፕቶፕ የያዘ ባለሙያ አዲስ ማፕ ይጭናል። በዚህ ዙሪያ ከሚነገሩት ተረቶች ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው «ኢኮኖሚ ማፕ ድብልቁን አቅጥኖ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ነው።

ተረቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በካርቡራተር ዘመን እውነት ነበር፣ በተለይ ለደጋ ከተሞች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅምና ነዳጅ ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የነዳጁን ማሳለፊያ በጠበበ የሚቀይር መካኒክ በእርግጥም ቤንዚን ያስቆጥብ ነበር። ሙያው እውነተኛ ሙያ ነበር።

ችግሩ ያው ምክር በኮምፒውተር ወደሚሠራ ሞተር ሲዛወር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለውና ከፍታውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰርም ከቃጠሎው የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ በዚህ መረጃ ድብልቁን በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን አካባቢ ይይዘዋል። አንድ ሰው በመደበኛ ጉዞ ከሚሠራበት ሠንጠረዥ ነዳጅ ቢቀንስ፣ ሴንሰሩ የተረፈውን ኦክስጅን አይቶ ያመለክታል፤ ኮምፒውተሩም የተቀነሰውን መልሶ ይጨምረዋል። ባለመኪናው ከፍሎበታል፣ የቆጠበው ግን የለም።

ጉዳቱ የሚመጣው ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሞተሮች ሴንሰሩን መከተል ትተው ሠንጠረዡን ብቻ ያዳምጣሉ፤ ፋብሪካውም እዚያ ቦታ ላይ ሆን ብሎ ነዳጅ ያበዛል፣ ወደ 12.5 ወይም 13 ለ1። ትርፉ ነዳጅ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ፒስተኑን፣ የጭስ ቫልቩን፣ ቱርቦውንና ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቀዘቅዛል። «ቁጠባ» ብሎ እዚህ የቀነሰ ሰው የማቀዝቀዣውን መንገድ ዘጋ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ አቀበት ሲያያዘው ግን የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የቀለጠ ፒስተን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አሽከርካሪ ፔዳሉን እስከ ታች የሚረግጠው ከጉዞው በጥቂቱ ብቻ በመሆኑ በዚያ በኩል የሚተርፈው ነዳጅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከዚህም የባሰ አለ። ኮምፒውተሩ እየመለሰ ያስቸገራቸው አንዳንዶች ኦክስጅን ሴንሰሩን ከፕሮግራሙ ያጠፉታል። ይህ ማስተካከል ሳይሆን ማሳወር ነው፤ ምን እንደሚያደርግ አውቆ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ከአጭበርባሪ አይለይም፣ ሳያውቅ የሚያደርገውም ላፕቶፑን መንካት የለበትም።

በቀጠነ ድብልቅ የሚሠራ ሞተር የለም ማለት ግን አይደለም። ሆንዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ያወጣው ሲቪክ ቪኤክስ በዚህ መንገድ ነዳጅ ይቆጥብ ነበር። የተሳካለት የአየር አገባቡም ሴንሰሩም ከመጀመሪያው ለዚያ የተሠሩ በመሆናቸው ነው። መንገዱ ያልተስፋፋበት ትልቁ ምክንያት የተለመደው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ትርፍ ኦክስጅን ባለበት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞችን ማጽዳት አለመቻሉ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ሁልጊዜም በትርፍ አየር ስለሚሠራ ነዳጅ ሲቀነስለት ጉልበቱም ሙቀቱም አብረው ይወርዳሉ። የጭነት መኪና ኢኮኖሚ ማፕ ፍጥነትን ከገደበ በእውነት ይቆጥባል፤ የአየር ግፊያ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋልና።

የፋብሪካው «ኢኮ» ቁልፍ ታዲያ ምን ያደርጋል? በአብዛኛው የፔዳሉን ምላሽ ያለዝባል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮውን ቶሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ያሳልፋል፣ የኤሲውን ሥራ ይቀንሳል። እግሩ ለስላሳ የሆነ አሽከርካሪ ቁልፉን ሳይነካም አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል። «ስፖርት» የፈረስ ጉልበት ይጨምራል የሚለውም በብዙዎቹ መኪኖች ልክ አይደለም፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ሁለቱም እኩል ናቸው። ማፕ በመጻፍ ብዙ ጉልበት የሚገኘው ከቱርቦ ሞተር ነው፤ ቱርቦ የሌለው ጥቂት በመቶ ቢጨምር ነው።

«ፋብሪካው ኃይሉን ደብቆታል» የሚሉ በከፊል ልክ ናቸው፤ አንድ ሞተር በተለያየ ማፕ በተለያየ ዋጋ ይሸጣል። ግን ከማፕ የተገኘ ነገር ሁሉ በሌላ በኩል ይከፈላል። መስከረም 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያጋለጠው የቮልክስዋገን ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። ወደ 11 ሚሊዮን በሚደርሱ የናፍጣ መኪኖች ውስጥ የነበረው ሶፍትዌር ምርመራ ላይ መሆኑን ሲለይ ጭሱን የሚያጸዳ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ጽዳቱን የሚቀንስ ነበር፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ልቀት ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር።

ከመሪው በታች ባለው ሶኬት የሚሰኩት «ነዳጅ ቆጣቢ» ዕቃዎች ረጅም መልስ አያስፈልጋቸውም። ያው መሥሪያ ቤት ባለፉት ዓመታት ከ100 በላይ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን ፈትኖ ጥቅም ያገኘው በጥቂቶቹ ብቻ ነው፣ እሱም ትንሽ። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ሲከፈቱ ብልጭ ከሚል መብራት በቀር የረባ ነገር የላቸውም። ባትሪ መንቀል ማፕ አይቀይርም፤ የሚጠፋው ኮምፒውተሩ እየሠራ የተማረው ማስተካከያ ነው። የፋብሪካውን ቁልፍ በየቀኑ ማገላበጥም ሞተር አይጎዳም። አዲስ ፋይል ሲጫን ግን ባትሪው ከደከመ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ ኮምፒውተሩ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።

ነዳጅ የበዛበት ባለመኪና አስቀድሞ የጎማውን ነፋስ፣ የአየር ማጣሪያውን፣ ኦክስጅን ሴንሰሩንና ቴርሞስታቱን ያስፈትሽ። ከዚያ በኋላም ማፕ ለማስቀየር የቆረጠ ሰው የፋብሪካውን ፋይል ቅጂ በእጁ ሳያስገባ የመኪናውን ቁልፍ አያስረክብ።