የላስታ ቁልቁለትና የፒክአፑ ፍሬን

የላስታዋ ላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ ግን ከ2,000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ጭነቱን ጨምሮ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ይህን ግማሽ ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲወርድ 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ከላዩ ማራገፍ አለበት። 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጥዶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሁለቱ የፊት ዲስኮች በድምሩ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበልና ሙቀቱን ሁሉ እነሱ ብቻ ቢሸከሙት፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ለነፋስ ባይሰጡ፣ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይግሉ ነበር። የተሠሩበት ብረት የሚቀልጠው እዚያው አካባቢ ነው።

እንዲህ የማይሆነው ሞተሩ፣ ነፋሱና የኋላ ታምቡሮቹ ድርሻቸውን ስለሚወስዱ፣ ዲስኩም እየወረደ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከዚያው ከላሊበላ በሌላ አቅጣጫ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ወደ ገነተ ማርያምና ወደ ኩልመስክ፣ ብሎም ድልብን ወርዶ ወደ ወልድያ ለሚነዳ ሰውም ስሌቱ ያው ነው፤ ከፍታው ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ ለዚህ አገር የፍሬን ሸራና ዲስክ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዕቃው ሲግል ምን እንደሚሆን ነው። ቀዝቃዛ ሳለ የማይዝ አዲስ ፍሬን የለም።

ከፍታው ራሱ ሁለት ችግር ይጨምራል፤ ሁለቱም በመለዋወጫ ሱቅ ሲነሱ አይሰማም። አንደኛ፣ በ2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ፣ ጂቡቲ ላይ የተሞከረ ፍሬን ላሊበላ ላይ ያን ያህል ቶሎ አይበርድም፤ የደጋው ብርድ የጎደለውን በከፊል ብቻ ነው የሚሞላው። ሁለተኛ፣ የእግርን ኃይል የሚያባዛው የፍሬን አጋዥ የሚሠራው በአንድ ወገኑ ባለው ባዶነትና በሌላው ወገን ባለው የከባቢ አየር ግፊት ልዩነት ነው። ግፊቱ በዚያ ከፍታ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የአጋዡም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሾፌር «ፔዳሉ ደረቀብኝ» ቢል መኪናው ምንም ሳይሆን ሊሆን ይችላል።

ወደ ሸራው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1897 ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ የፍሬን ሸራ መሥራት የጀመረው፣ ጋሪዎች ቁልቁለት ሲወርዱ ባለቤቶቹ በእንጨት ፍሬናቸው ላይ አሮጌ ጫማ ሲያደርጉ አይቶ ነው ይባላል። ፌሮዶ የሚለው የንግድ ስም ከስሙ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ነገሩ ከጥንስሱ የተራራ ሰው ብልሃት ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሸራው ቃጫን፣ የብረት ብናኝን፣ ግራፋይትንና ሌላም ብዙ ነገር በሙጫ አጣብቆ የተጋገረ ነው። ደካማ ጎኑም ሙጫው ነው። ከልክ በላይ ሲግል ይተንና በሸራውና በዲስኩ መካከል ስስ የጋዝ ሽፋን ይፈጥራል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም። ከተገለባበጡ መኪኖች ጀርባ «ፍሬን በጠሰ» እየተባለ ከሚወራው ውስጥ ምንም ነገር ያልተበጠሰበት አይጠፋም።

በገበያ ያሉት ሦስት ዓይነት ናቸው። ብረት የሌለበት ወይም ያነሰበት ሸራ ለስላሳና ርካሽ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ሲግል ግን ቶሎ ይከዳል። ሴራሚክ የሚባለው ዝምተኛና አቧራው አነስተኛ ነው፤ አዲስ አበባ ከቦሌ ሜክሲኮ ለሚመላለስ መኪና ይበጃል። ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ብረት የሆነው ሸራ ዲስክ ይበላል፣ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፣ ቼርኪውን ያጠቁራል። ለላስታ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ጩኸቱን ችሎ ሙቀት የሚችል ይሻላል።

የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ስትገቡ ከካርቶኑ ውበት ይልቅ የሸራውን ጠርዝ ተመልከቱ። ብዙ አምራቾች ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያትሙበታል። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ያለውን አያያዝ፣ ሁለተኛው እስከ 340 ዲግሪ ገደማ ሲግል ያለውን ይናገራል። «ኢ» ዝቅተኛ፣ «ኤፍ» መካከለኛ፣ «ጂ» ከፍተኛ ነው። «ኤፍኤፍ» ያለበት ሲግልም እንደያዘ ይቆያል፤ «ኤፍኢ» ያለበት ሲግል ይላላል። ፊደሉ ስለ ዕድሜው አይነግራችሁም፤ ፎርጅድ ዕቃ የሚሠራ ሰውም ፊደል መጻፍ አያቅተውም። አውሮፓ ውስጥ ለመለዋወጫ ሸራ የሚሰጠው የ«አር90» ማረጋገጫ ምልክት አብሮት ካለ ልብ ትንሽ ያርፋል። ስለ አቧራውም አንድ ነገር፦ የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ጋራዥ ውስጥ የፍሬን አቧራ በአየር ግፊት ማራገብ ክፉ ልማድ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ዲስኩን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ለመልክ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክ ያምራል፤ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ሙቀት የሚይዘውን ብረት ይቀንሳል፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጭነት ለሚሸከም ፒክአፕ መሐሉ ለአየር ክፍት የሆነ፣ ገጹ ልሙጥ፣ ወፍራም ዲስክ ይበቃል። የመጨረሻው የተፈቀደ ውፍረት በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከአዲሱ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ርካሽ ይመስላል፤ ሲላጥ ግን የሚጣለው ሙቀት የሚጠጣው ብረት ነው። ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ድልብ ላይ ግን ይታወቃል። መሪው በፍሬን ጊዜ የሚንቀጠቀጠውም ሁልጊዜ ዲስኩ ስለተጣመመ አይደለም። የሸራው ቁስ በዲስኩ ገጽ ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ሲለጠፍ፣ ወይም ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ዝገት ሳይጠረግ ሲገጠም ይመጣል።

የፒክአፕ ባለቤቶች ጭነት ለማብዛት ከኋላ ባሌስትራ ያስጨምራሉ። እንደ አሮጌዎቹ ሃይሉክሶች ባሉ ብዙ ፒክአፖች ላይ ግን የኋላው ፍሬን ምን ያህል ግፊት እንደሚደርሰው የሚወስን፣ የመኪናውን ቁመት እያየ ጭነቱን የሚገምት ቫልቭ አለ። ባሌስትራ ሲጨመር የኋላው ከፍ ይላል፤ ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና በአብዛኛው በፊት ፍሬኑ ይወርዳል ማለት ነው። ቫልቩን ዳግም ማስተካከል ከአዲስ ሸራ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል፤ ሸራው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ግራ የገባው ሰው መጀመሪያ እዚህ ይመልከት።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግር እስከ ወለሉ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ቁልቁለቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለውን የሾፌሮች ሕግ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዜሮ ማርሽ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚሞክረውም ያውቀዋል። ናፍጣ ሞተር መኪናውን ለብቻው ለመያዝ ያን ያህል ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ ሳይዘገይ ማርሽ መቀነስ፣ ካስፈለገም የ4 ጎማውን ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ይበጃል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመርገጥ በርትቶ ረግጦ መልቀቅ ይሻላል፤ በለቀቁበት ጊዜ አየር ይገባል።

አዲስ ሸራ በተገጠመ ዕለት ቁልቁለት አይወረድበትም። ሙጫው ገና አልበሰለም። ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ቀስ እያሉ ማብረድ፣ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል አየር መስጠት፣ ይህንንም 30 ጊዜ ያህል መደጋገም። ከዚያ መኪናው ቆሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ ውሃ አይደፋበት፣ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል። የቅዳሜ ገበያው ጭነት ከዚያ በኋላ ይጫን።