መማሪያ መጽሐፍ የሌለው ፈተና

ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ስድስት የትምህርት ዓይነቶች ይጠብቁታል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይቀርብለታል። ስድስተኛው የሁለቱም የጋራ ነው፤ ተማሪዎች አፕቲትዩድ ይሉታል። በአብዛኛው ትምህርት ቤት መምህር ያልተመደበለት፣ ክፍለ ጊዜ ያልተያዘለት፣ የመማሪያ መጽሐፍም የሌለው ይህ ፈተና ነው። በውጤት ግን ከፊዚክስ አያንስም፤ እሱም ከመቶ ታርሞ ከ600 ነጥብ ውስጥ ይገባል።

በሶማሌ ክልል፣ በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎጫሌና በሽንሌ ለዚህ ፈተና እንዴት ይጠና የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ፈተናው የቃላት ዝምድናን፣ የተጓደለ ዓረፍተ ነገር ማሟላትን፣ አጭር ጽሑፍ አንብቦ መደምደሚያ ማውጣትን፣ የቁጥር ንጽጽርንና ከሠንጠረዥ መረጃ ማንበብን ይጠይቃል። ሲታሰብ ፍትሐዊ ይመስላል። የትኛውንም መጽሐፍ ስለማይከተል፣ ቤተ ሙከራ የሌለውን ትምህርት ቤት ተማሪ ቤተ ሙከራ ካለው ጋር ያስተካክላል ተብሎ ይታመናል። ችግሩ ያለው እዚህ እምነት ላይ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ፈተና ምንጭ አሜሪካ ነው። ሳት የተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እዚያ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ የቃላት ዝምድና ጥያቄዎቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት መለያው ነበሩ። አንዱ ጥያቄ በተለይ ስሙ የገነነ ነው፤ ሯጭ ከማራቶን ጋር ያለው ዝምድና ቀዛፊ ከምን ጋር ካለው ዝምድና ጋር ይመሳሰላል የሚል ነበር። መልሱ የጀልባ ቅዝፈት ውድድር መጠሪያ ነው። ተቺዎች ጥያቄው የማሰብ ችሎታን ሳይሆን በሐይቅ ዳር የሚዝናኑ ቤተሰቦችን ኑሮ ማወቅን ይለካል አሉ። አሜሪካኖቹ የቃላት ዝምድናን ከፈተናው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እኛ ዘንድ ግን እስካሁን ይጠየቃል።

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ያለ ወጣት ጠቅላላ ዕውቀት ያንሰዋል ማለት አይደለም። የቢቢሲ ሶማሊኛ ሥርጭት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በየሻይ ቤቱና በየቤቱ ሽማግሌዎች ሬዲዮ ከበው የዓለምን ፖለቲካ ሲተነትኑ እየሰማ ያደገ ልጅ ስለ ሩቅ አገር ምርጫና ጦርነት ብዙ ያውቃል። ቶጎጫሌ ድንበር ላይ ብር፣ ዶላርና የሶማሌላንድ ሽልንግ ጎን ለጎን ይዘዋወራሉ። እዚያ ሱቅ የሚጠብቅ ታዳጊ የሦስት ገንዘቦችን ምንዛሪ በቃሉ ያሰላል፤ የፈተናው የቁጥር ክፍል ከዚህ የሚከብድ ነገር እምብዛም የለውም። በዚያ ላይ የጅግጅጋ ልጅ በቤቱ ሶማሊኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በቁርዓን ትምህርት ቤት ዓረብኛ ይዞ ማደጉ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን በጆሮ የገባ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው በዓይን፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ በሶማሌ ክልልም ሶማሊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ልጅ መጀመሪያ የሚገባው በእናቱ ቋንቋ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግን አብዛኛው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሶማሊኛ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ፊደሉ አዲስ አይሆንበትም፤ የሚያንሰው የንባብ ብዛት ነው። የፊዚክስ ቀመር በጥቂት እንግሊዝኛ ሊሸመደድ ይችላል። አፕቲትዩድ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩን በፍጥነት ያልተረዳ ተማሪ ማሰቡን ሳይጀምር ሰዓቱ ያልቅበታል። አስተማሪ የለውም የተባለው ፈተና በተግባር የሚለካው፣ ተማሪው ባለፉት ዓመታት ከክፍል ውጭ ስንት ገጽ እንዳነበበ ነው።

መልሱን ገበያው በራሱ መንገድ ሰጥቷል። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች በፎቶ ኮፒ ይባዛሉ፣ በቴሌግራም ይሰራጫሉ፤ የአገሮችን ዋና ከተማ፣ የረጃጅም ወንዞችን ስምና የፈጠራ ባለቤቶችን ዝርዝር የያዙ የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፎችም አሉ። ያለፉ ፈተናዎችን መሥራት በእርግጥ ይጠቅማል፤ ተማሪው የጥያቄውን መልክና ሰዓት አጠቃቀምን ይለምዳል። የዋና ከተሞች ዝርዝር ለጥያቄና መልስ ውድድር እንጂ ለአፕቲትዩድ ብዙ አይረዳም። ሰኔ ሲቃረብ አዳሩን ዝርዝር የሚሸመድድ ተማሪ ድካሙን ያለቦታው እያፈሰሰ ነው፤ ይህን በጊዜ የሚነግረው ሰው ማጣቱም ያሳዝናል።

የንባብ ጉድለቱ ለረጅም ጊዜ በኩረጃ ተሸፍኖ ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ወጣ፤ ተሰርዞ በድጋሚ ሲሰጥም መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያን ዘጋ። ከዚያ በኋላም የኩረጃ አቤቱታ ስላልቆመ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲያልፉ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ቁጥሩ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻል አለ፤ ያም ሆኖ ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው።

ሶማሌን ጨምሮ ለታዳጊ ክልሎች ሲሰጥ የኖረው ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ብዙ ወጣቶችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ሃምሳ በመቶ ያላመጡትን የሚያዘጋጀው የሬሜዲያል መርሐ ግብርም ሌላ በር ከፍቷል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በድርቅ ዓመት ከብቶቹን ተከትሎ ከሲቲ ዞን ሜዳ የሚሰደድ ቤተሰብ ልጅ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ጋር በአንድ መስመር መቆሙ ፍትሕ አይሆንም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቀብሪበያህ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ያደጉ የሶማሊያ ልጆችም ሥርዓተ ትምህርቱን ተከትለው ይህንኑ ፈተና ይወስዳሉ። ነገር ግን ዝቅ ያለ ነጥብ የንባብ ጉድለቱን አይሞላም፤ ተማሪው ጉድለቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

አፕቲትዩድን ከነጭራሹ ማስቀረት ይሻላል የሚሉ አሉ። ያ ከሆነ ሸምዳጁ ብቻ የሚጠቀምበት ፈተና ይቀራል፤ ስለዚህ ቢቆይ ይመረጣል። መደረግ ያለበት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ቦታ መስጠት ነው፦ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ጋዜጣም ታሪክም ሳይንስም የሚነበብበት፣ የተነበበው በሶማሊኛም በአማርኛም ተብራርቶ በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት። መምህሩ የእንግሊዝኛ ወይም የሒሳብ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከሰዓት በኋላ ክፍት መሆን አለበት፤ ከጅግጅጋ ወጣ ባሉ ከተሞች ይህ ቀላል አይደለም፣ ግን አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ ሥራም አይደለም። ጥያቄ አውጪዎቹም ጥያቄዎቻቸው ከየትኛው ኑሮ እንደሚቀዱ ቢመረምሩ መልካም ነው፤ የምንዛሪ ስሌት፣ የዝናብ ሠንጠረዥና የግመል ገበያ ዋጋ የቁጥር ችሎታን እኩል ይፈትናሉ።

ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተፈተኑ ነው፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ እየጨመረ መጥቷል። ለአውበሬና ለሽንሌ ተማሪዎች ይህ ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ረጅም ምንባብ ከስክሪን ላይ ማንበብ ከወረቀት ይለያልና ልምምዱ ከፈተናው ሳምንት በፊት፣ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።