ብረትና አሉሚኒየም በግጭት ሲበየዱ መጋጠሚያው ላይ ምን ይፈጠራል?



አንድ የብረትና አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ይዛችሁ ብየዳ ቤት ብትሄዱና «እነዚህን በይድልኝ» ብትሉ፣ በያጁ «በቡሎን ይታሰር» ቢላችሁ አትዘኑበት። ልክ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ብረት በ1538። ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ሁለቱ አብረው ሲቀልጡ ኢንተርሜታሊክ የሚባል ውህድ ይሠራሉ። ይህ ውህድ እንደ ሸክላ ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም አይተጣጠፍም፣ ይሰነጠቃል።

መርከብ ሠሪዎች ግን ሁለቱንም ይፈልጋሉ። የመርከቡ የታችኛው አካል ብረት ይሆንና የላይኛው ክፍል ክብደት እንዲቀንስ ከአሉሚኒየም ይሠራል። በቡሎን ቢታሰሩ ጨዋማ ውኃ በክፍተቱ ገብቶ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። መፍትሔው ማጋጨት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1944 ኤል. አር. ካርል የተባለ ሰው በፈንጂ ግፊት የናስ ቁርጥራጮች መበየዳቸውን ጽፎ ነበር፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራውን ለገበያ አበቃው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብረቱ ላሜራ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ የአሉሚኒየሙ ትንሽ ክፍተት ተትቶ ከላዩ ይደረጋል፤ በጀርባው ላይ ፈንጂ ተዘርግቶ ከአንድ ጫፍ ይለኮሳል። የላይኛው ላሜራ በሴኮንድ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ፍጥነት ወርዶ ይጋጫል፤ የግጭቱ ነጥብም በሴኮንድ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ወደፊት ይሄዳል። እዚያ ነጥብ ላይ ግፊቱ ከመብዛቱ የተነሳ የብረቱ ቆዳ ጠጣር ሆኖ ሳለ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል። ከሁለቱም ገጽ ቀጭን ሽፋን ተገፎ ወደፊት ይወረወራል፤ ኦክሳይዱንና ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። የቀሩት ንጹሕ ገጾች በቀጥታ ይነካካሉ። ተጅዊድ የቀራ ሰው አርክ ብየዳን እንደ ኢድጋም፣ ይህን ደግሞ እንደ ኢዝሃር ሊያስበው ይችላል፤ ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ይነበባል።

ይህን መጋጠሚያ ቆርጣችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ፣ ብረቱን በናይትሪክ አሲድና በአልኮል ቅልቅል ነክታችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩት፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ማዕበል ነው። ነፋስ በሐይቅ ላይ ሲነፍስ እንደሚነሳው ሁሉ፣ በተለያየ ፍጥነት የሚፈስሱ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ ወሰናቸው ይታጠፋል። የብረቱ ግሬይኖች ወደ ወሰኑ በቀረቡ ቁጥር በፍሰቱ አቅጣጫ ተጎትተው ይረዝማሉ፤ ጥንካሬያቸውም ይጨምራል። የማዕበሉ ጫፍ በተጠቀለለበት ቦታ ግን ትንንሽ ኪሶች አሉ፤ እነሱ ቀልጠው ወዲያው የረጉ ናቸው። ስለዚህ «ምንም ሳይቀልጥ» የሚለው የሌክቸር አባባል ግማሽ እውነት ነው።

ብዙዎች የሚያደንቁት ማዕበሉን ነው። ፎቶው ያምራልና አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ጥንካሬውን የሚወስነው ውበቱ አይመስለኝም። ጥሩ ሆኖ ወሰኑ ለጥ ያለ ብየዳም አለ። መጠየቅ ያለበት ኪሶቹ ተለያይተው ቆመዋል ወይስ ተያይዘው ንጣፍ ሆነዋል የሚለው ነው። አንዱ ኪስ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ በዙሪያው ያለው ለስላሳ ብረት ላይ ደርሶ ይቆማል። ንጣፍ ከሆነ ግን ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር መንገድ ተጠርጎለታል ማለት ነው። የፈንጂው ጉልበት ካነሰ ላሜራዎቹ አይያያዙም፤ ከበዛ ደግሞ ይህ ንጣፍ ይመጣል። ለመርከብ የሚሠራው መጋጠሚያ በብረቱና በጠንካራው የአሉሚኒየም ቅይጥ መካከል ንጹሕ አሉሚኒየም የሚገባበትም ከብረቱ ጋር የሚጋጨው ለስላሳ እንዲሆን ነው።

ይህ ሁሉ ተሳክቶም አደጋው አላለፈም። መጋጠሚያው ተቆርጦ መርከብ ማምረቻ ሲደርስ፣ ብረቱ ከብረት፣ አሉሚኒየሙ ከአሉሚኒየም ጋር በተራ ብየዳ ይያያዛል። ያኔ የሚመጣው ሙቀት ወሰኑ ላይ ከደረሰ አተሞቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ፈንጂው በቅጽበት ያስቀረው ኢንተርሜታሊክም ቀስ እያለ ያድጋል። ስለዚህ አምራቾች ወሰኑ ከ300 ዲግሪ ገደማ እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ። በያጁ አንድ መስመር ከበየደ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ነው ሁለተኛውን የሚጀምረው፤ ቢቸኩል ከውጭ የሚታይ ምንም ምልክት የለምና።