ያውቁ ኖሯል? የካፋ ዘውድ ስለ ሰው ባሕርይ የሚነግረን

✦ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበረው የካፋ መንግሥት ነገሥታት የሚደፉት ዘውድ በወርቅና በብር የተሠራ፣ በሰጎን ላባ ያጌጠ ረጅም የራስ ቁር ነበር። ከፊቱ ሦስት የወንድ ብልት ቅርጾች ጎልተው ይታያሉ።

✦ ይህ ጌጥ ለሐፍረት የሚሸሸግ አልነበረም፤ ጀግንነትንና ዘር መተካትን በአደባባይ ያውጃል። ይህን የመሰለ፣ ከላጫ የሚባል የግንባር ጌጥ በቦረናና በኮንሶም ይታወቃል። ማኅበረሰቡ የሚያከብረው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከአንጥረኛው እጅ ሥራ ይነበባል።

✦ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በአፄ ምኒልክ የጦር መሪ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ። ዘውዱም በአፄ ምኒልክ እጅ ገባ፤ በስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

✦ ዘውዱ ከአገር ከወጣ የካፋ መንግሥት አይመለስም የሚል እምነት እንደነበረ ይነገራል። ሰው ማንነቱን በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ላይ ያኖራል፤ ያ ነገር ሲወሰድበት ከራሱ የተቆረሰ ያህል ያመዋል። ባንዲራ ሲረገጥ የምንቆጣውም ለዚሁ ነው።

✦ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካፋ ድረስ ተጉዞ ስለ ሕዝቡ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። የታተሙትም እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ነው።

በየትኛውም ጥንታዊ ጌጥ ፊት ሲቆሙ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ማን ያደርገዋል? ለማን ይታያል? ማንስ ይከለከላል?